ጉድጓድ ውስጥ የወደቀው ጨዋታ

ሚያዝያ 18 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2014) በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ነበር፡፡ ነፋሱ አቧራውን እያነሣ በሰው ዓይን ላይ ይበትነዋል፡፡ ሰዉ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም፡፡ የቆመው በአንድ አሮጌ የቆሻሻ መጣያ ሜዳ ላይ ነው፤ ዓይኑንም የተከለው መሬቱን በሚቆፍረው ኤክስካቫተር ላይ ነው፡፡ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ሳይቀሩ በቦታው ተገኝተዋል፡፡ የሚፈለገው ግን ወርቅ አይደለም፤ የጥንት ንጉሥ መቃብርም አይደለም፡፡ የሚፈለገው ከሠላሳ ዓመት በፊት እዚያ ተቀብሯል ሲባል የኖረ የልጆች ጨዋታ ነው፡፡

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ጨዋታ ማንሣቴ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የማይመጥን መስሎ የሚታያችሁ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ፡፡ እኔ አዲስ ጨዋታ በወጣ ቁጥር እንደ ሕፃን የምጓጓ፣ ጨዋታው የተባለለትን ሆኖ ሳላገኘው ስቀር ደግሞ ወዳጁ እንደ ከዳው ሰው የምቆጣ ነኝ፡፡ ይህ ጉጉትና ይህ ቁጣ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ፣ የራሱም ታሪክ እንዳለው የተረዳሁት የዚያን ሜዳ ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው፡፡ ነገሩ መጻሕፍትን ለሚወድ ሰውም እንደሚመለከተው በመጨረሻ ታዩታላችሁ፡፡ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

*

አታሪ የተባለው ኩባንያ በ1972 በካሊፎርኒያ ሲቋቋም መሥራቾቹ ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ ነበሩ፡፡ በዚያው ዓመት አላን አልኮርን የተባለ ወጣት መሐንዲስ «ፖንግ»ን ሠራላቸው፡፡ ሁለት ነጫጭ መስመሮች አንዲት ነጥብ እየተቀባበሉ የሚመቱበት ቀላል ጨዋታ ነው፡፡ የመጀመሪያውን ማሽን ሰኒቬል ከተማ በሚገኝ መጠጥ ቤት አቆሙት፡፡ ጥቂት ቆይቶ ማሽኑ ተበላሸ ተብሎ አልኮርን ተጠራ፡፡ ሄዶ ቢከፍተው የተበላሸ ነገር የለም፤ የሳንቲም መቀበያው ሞልቶ ነው እንጂ!

ይህ የመጀመሪያው ደስታ ነው፡፡ ሰው በመስታወት ውስጥ ያለችን ነጥብ በእጁ ማዘዝ በመቻሉ ብቻ ይደነቅ ነበር፡፡ ማንም ከዚያ የበለጠ ቃል አልገባለትም፤ ስለዚህም ማንም አላሳዘነውም፡፡

አታሪ በ1976 ለዋርነር ኩባንያ ተሸጠ፡፡ በ1977 ከቤት ቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ ማሽን አወጣ፡፡ ማሽኑ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጨዋታዎቹ ግን ካርትሪጅ በሚባሉ የፕላስቲክ ካሴቶች እየተዘጋጁ ለየብቻ ይሸጣሉ፡፡ የማሽኑ የሥራ ማኅደረ ትውስታ 128 ባይት ብቻ ነበር፡፡ አሁን የምታነቡትን ይህን አንቀጽ እንኳ ሙሉ በሙሉ ለመያዝ አይበቃም፡፡ የፕሮግራም ጸሐፊዎቹ በዚህች ጠባብ ጓዳ ውስጥ ጦርነትም፣ ጫካም፣ ሕዋም ፈጠሩ፡፡ ገንዘቡም እንደ ጎርፍ ገባ፡፡

በ1982 ክረምት የስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ፊልም ዓለምን አስለቀሰ፡፡ ከሌላ ዓለም መጥቶ በምድር ላይ ተረስቶ የቀረ፣ ወደ ቤቱ ለመመለስ የሚናፍቅ ፍጡር ታሪክ ነው፡፡ የአታሪ ባለቤቶች ፊልሙን ወደ ጨዋታ የመለወጥ መብት ለመግዛት ተስማሙ፡፡ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተከፈለበት ይነገራል፡፡ ድርድሩ ያለቀው ግን በሐምሌ መጨረሻ ነበር፡፡ ጨዋታው ለገና በዓል ገበያ እንዲደርስ ከተፈለገ በመስከረም መጀመሪያ ማለቅ አለበት፡፡ አንድ ጨዋታ ለመሥራት ወራት ይፈጅ በነበረበት ዘመን የቀረው ጊዜ አምስት ሳምንት ብቻ ነው፡፡

ሥራው የተሰጠው በሃያዎቹ ዕድሜ ለነበረው ለሃዋርድ ስኮት ዋርሾ ነው፡፡ ዋርሾ ተራ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ በፊት የሠራቸው ጨዋታዎች በተጫዋቾች ዘንድ የተወደዱ ነበሩ፡፡ ይቻላል ብሎ ተቀበለ፡፡ በአምስት ሳምንትም ጨረሰ፡፡ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን የአገራችንን ተረት የሚነግረው ሰው በአጠገቡ አልነበረም፡፡

ጨዋታው ምን ይመስል ነበር? ተጫዋቹ ኢ.ቲ.ን እየመራ ወደ ቤቱ የሚደውልበትን የስልክ ቁርጥራጮች ይፈልጋል፡፡ ቁርጥራጮቹ የሚገኙት በጉድጓዶች ውስጥ ነው፡፡ ኢ.ቲ. ወደ ጉድጓድ ይወድቃል፤ አንገቱን አስረዝሞ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ገና አፋፉ ላይ ሳለ ተመልሶ ይወድቃል፡፡ ደግሞ ይወጣል፤ ደግሞ ይወድቃል፡፡ የዚህ ምክንያት የታወቀው ኋላ ነው፡፡ ተጫዋቹ በዓይኑ የሚያየው ኢ.ቲ. በእግሩ መሬት ላይ ቆሞ ነው፡፡ ማሽኑ ግን ከሥዕሉ የትኛውም ክፍል፣ ጭንቅላቱም ቢሆን፣ የጉድጓዱን ሥዕል ከነካ «ወድቋል» ብሎ ይፈርዳል፡፡ ዓይንና ሕግ አልተስማሙም፡፡ ልጁ ምንም ሳያጠፋ ይቀጣል፡፡

ከዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፡፡ ተጫዋችን የሚያናድደው መሸነፍ አይደለም፡፡ በአግባቡ የተሸነፈ ሰው እንደገና ይሞክራል፤ እንዲያውም ፍቅሩ ይጨምራል፡፡ የሚያናድደው የማያውቀው ሕግ ሲፈርድበት ነው፡፡ በጨዋታ ላይ የሚነሣው ቅሬታ ሁሉ፣ ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ፣ ወደዚህ የፍትሕ ጥያቄ ሲመለስ አይቻለሁ፡፡

አታሪ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ካርትሪጅ አሳተመ፡፡ ወደ 1.5 ሚሊዮን ያህሉ ተሸጠ፡፡ ከተሸጠውም ብዙው ተመልሶ መጣ፡፡ ለውድቀቱ ግን ኢ.ቲ.ን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው፡፡ በዚያን ጊዜ ልዩ ልዩ ኩባንያዎች በጥድፊያ በሠሯቸው ደካማ ጨዋታዎች ገበያው ተጥለቅልቆ ነበር፡፡ ገዢው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተታለለ፤ በአራተኛው ኪሱን ዘጋ፡፡ በ1983 ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገመት የነበረው የአሜሪካ የቤት ውስጥ ጨዋታ ገበያ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ወረደ፡፡ አታሪ በ1983 ብቻ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ፡፡ በዚያው ዓመት መስከረም የጭነት መኪናዎች ከቴክሳስ፣ ከኤል ፓሶ መጋዘን ያልተሸጡ ካርትሪጆችን ጭነው ወደ አላሞጎርዶ ሄዱ፡፡ ካርትሪጆቹ ከቆሻሻው ጋር ተቀበሩ፤ በላያቸውም ኮንክሪት ፈሰሰ፡፡

በጉድጓድ ውስጥ በመውደቅ የተማረረው ጨዋታ መጨረሻው ጉድጓድ ሆነ፡፡

*

ቀብሩ እውነት ይሁን ተረት ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖረ፡፡ በ2014 ሲቆፈር እውነት ሆኖ ተገኘ፡፡ ወደ 1,300 የሚሆኑ ካርትሪጆች ወጡ፡፡ የሚገርመው፣ ከወጡት ውስጥ ኢ.ቲ. ጥቂቱ ብቻ ነበር፤ በጊዜያቸው የተወደዱና በብዛት የተሸጡ ጨዋታዎችም ከእርሱ ጋር ተቀብረው ተገኙ፡፡ ጥሩውም መጥፎውም አንድ ላይ አፈር ለብሷል፡፡ ዋርሾ ራሱ በቦታው ነበር፡፡ ከአታሪ ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሙያውን ለውጦ የሥነ ልቦና አማካሪ ሆኖ ነበር፡፡ በአምስት ሳምንት የሠራውን፣ የዓለም መሳለቂያ የሆነበትን ሥራ ሊያይ ይህን ያህል ሕዝብ በአቧራ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ ባየ ጊዜ በስሜት ተሞልቶ ታይቷል፡፡ ከወጡት የኢ.ቲ. ካርትሪጆች አንዱ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል፡፡

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ፡፡ ጨዋታው በወጣ በሠላሳ ዓመቱ አንድ የጨዋታው ወዳጅ የኢ.ቲ.ን ፕሮግራም ፈትቶ አጠናው፡፡ ለውድቀት የሚቆጠረው የእግሩ ንክኪ ብቻ እንዲሆን አስተካከለው፤ ለፈለገ ሁሉም አደለው፡፡ ማንም አልከፈለውም፡፡ የወደደውን ነገር ከነጉድለቱ ስለያዘ ጉድለቱን መጠገን ቻለ፡፡ «ስለያዘ» የምትለዋን ቃል አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ፡፡

ከአታሪ ውድቀት በኋላ ጃፓኖች ገበያውን አነሡት፡፡ ኒንቴንዶ በ1985 ወደ አሜሪካ ሲገባ የገዢውን እምነት ለመመለስ በጨዋታዎቹ ላይ የጥራት ማኅተም አተመ፤ ያልተፈቀደለት ሰው ለማሽኑ ጨዋታ እንዳይሠራ የሚከለክል መቆለፊያም ገጠመ፡፡ ተጫዋቹን ከመጥፎ ጨዋታ የጠበቀው ቁልፍ፣ ቁልፍ ያዢውን ጌታ አደረገው፡፡ ያን ጊዜ ይህን ያስተዋለ ብዙ አልነበረም፡፡

በታኅሣሥ 1993 ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፡፡ ኢድ ሶፍትዌር የተባለ ትንሽ የቴክሳስ ቡድን «ዱም»ን ሲያወጣ የመጀመሪያውን ክፍል ለዓለም በነጻ ለቀቀው፤ ቅዱ፣ ለወዳጅ አካፍሉ አለ፡፡ ተጫዋቾች የየራሳቸውን ክፍሎች እየሠሩ እንዲጨምሩበት ሆኖ የተዘጋጀም ነበር፡፡ በ1997 የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ ለሕዝብ ተሰጠ፡፡ ዛሬ ዱም በካልኩሌተር ላይ ሳይቀር ሲሠራ ይታያል፡፡ የሠላሳ ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ገና አዳዲስ ምዕራፍ ይጻፍለታል፡፡

*

የእኔም ታሪክ ከዚህ በኋላ ይጀምራል፡፡ በሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት፣ በአንድ ጌም ሒሳብ እየከፈልን፣ ተራ እየጠበቅን ነበር የምንጫወተው፡፡ ከሚጫወተው የሚያየው ይበዛል፡፡ መብራት ሲጠፋ የከፈለው ያዝናል፤ ተራ ጠባቂው በልቡ ይስቃል፡፡ ውጭ አገር የሚኖረው አጎቴ ይህን ፍቅሬን ያውቅ ስለነበር አንድ ቀን በመንገደኛ አዲስ የኮምፒውተር ጨዋታ ላከልኝ፡፡ ሽፋኑን እያገላበጥኩ፣ የአዲስ ፕላስቲኩን ሽታ እየማግሁ ያደርኩባት ሌሊት ዛሬም ትታወሰኛለች፡፡

በማግሥቱ ዲቪዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ስከት ጨዋታው አልተከፈተም፡፡ «መጀመሪያ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝና እውነተኛ ገዢ መሆንህን አስመስክር» አለኝ፡፡ ቤታችን ኢንተርኔት አልነበረም፡፡ የኮምፒውተሩን ካዝና በአንሶላ ጠቅልዬ፣ ታክሲ ውስጥ በጭኔ ታቅፌ፣ ወደ አንድ ኢንተርኔት ቤት ወሰድኩት፡፡ ባለቤቱ ስቆ ስቆ ሲያበቃ ገመዱን ሰካልኝ፡፡ ማስመስከሩ ብቻውን ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ጨዋታው የራሱን ማስተካከያ ካላወረድኩ አልከፈትም አለና፡፡ በመጨረሻ ተከፈተ፡፡ ለሦስት ሳምንት በምድር ላይ እንደ እኔ ደስተኛ አልነበረም፡፡

ከዚያ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ፡፡ ተጠግኖ ሲመለስ ጨዋታው አላወቀኝም፡፡ እንደ አዲስ ሰው ቆጠረኝ፤ የተፈቀደው ቁጥር አልቋል ብሎም በሩን ዘጋብኝ፡፡ ዲስኩ በእጄ ነው፤ ጨዋታው ግን የለም፡፡ በዚያ ሰሞን አጎቴ ደወለ፡፡ «እሺ ጎበዝ፣ ጨዋታው ተስማማህ?» አለኝ፡፡ «አዎ ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት፡፡ ስንት ሰዓት ቆሞ ሠርቶ እንደገዛው አውቅ ነበርና እውነቱን ልነግረው አልቻልኩም፡፡

ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ እንዳልነበረ ያወቅሁት ኋላ ነው፡፡ በ2004 «ሃፍ ላይፍ 2» ሲወጣ፣ በሱቅ ዲስኩን የገዛ ሰው ሁሉ «ስቲም» በተባለው የኢንተርኔት መዝገብ እንዲመዘገብ ግድ ሆነበት፡፡ በ2008 «ስፖር» ሲወጣ በሦስት ኮምፒውተር ብቻ እንዲጫን ተወሰነ፤ የተቆጡ ተጫዋቾች በሺዎች ሆነው በአማዞን ገጽ ላይ ዝቅተኛውን የአንድ ኮከብ ነጥብ ሰጡት፤ ገደቡም ወደ አምስት ከፍ አለ፡፡ በመጋቢት 2013 የወጣው «ሲምሲቲ» ለብቻ ለመጫወት እንኳ የማያቋርጥ ግንኙነት ይጠይቅ ነበር፡፡ ሰርቨሮቹ የሕዝቡን ብዛት መቋቋም ስላቃታቸው ገንዘቡን የከፈለ ሰው ከደጅ ቆመ፡፡ ያለ ኢንተርኔት መጫወት የተቻለው ከዓመት በኋላ ነው፡፡

ፍርዴ እንዳያደላ የኢንተርኔቱን በጎነትም መመስከር አለብኝ፡፡ በነሐሴ 2016 «ኖ ማንስ ስካይ» የተባለ ጨዋታ ወጣ፡፡ ሠሪው ሄሎ ጌምስ የተባለ ትንሽ የእንግሊዝ ቡድን ነው፡፡ ከ18 ኩንቲሊዮን በላይ ፕላኔቶች ያሉበት ጠፈር፣ ማንም ያልረገጠው ምድር ተባለ፡፡ ጉጉቱ ከልክ አለፈ፡፡ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ተጫዋቾች ተቀጣጥረው አንድ ፕላኔት ላይ፣ አንድ ቦታ ቆሙ፤ ግን አልተያዩም፡፡ ሰው ሁሉ «ተታለልን» ብሎ ጮኸ፡፡ ሠሪዎቹ መልስ ከመስጠት ይልቅ አንገታቸውን ደፍተው ሠሩ፡፡ ዓመት በዓመት፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ የጎደለውን ሞሉ፡፡ በ2018 ተጫዋቾች በእርግጥ መተያየት ቻሉ፡፡ ዛሬ ያ ጨዋታ የመካሻ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል፡፡ ዋርሾ ይህ ዕድል ቢኖረው ኖሮ ኢ.ቲ. ባልተቀበረ ነበር፡፡ ካርትሪጅ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ አይታረምምና፡፡

*

እንግዲህ አዲሱ ዘመን ሁለት ፊት አለው፡፡ ጨዋታን ከሩቅ ሊጠግን የሚችል እጅ፣ ከሩቅ ሊነጥቅም ይችላል፡፡

በታኅሣሥ 2014 ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ውድድር ጨዋታ አወጣ፡፡ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር እየነዱ የሚያቋርጡበት ነበር፡፡ ብዙ ሰው ከወዳጁ፣ ከወንድሙ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ነድቶበታል፡፡ መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ፡፡ ጨዋታው ብቻውን ለሚጫወትም ቢሆን ያለ ሰርቨር አይሠራም ነበርና፣ በዚያች ቀን መንገዶቹ ሁሉ፣ ከተሞቹ ሁሉ ጠፉ፡፡ ዲስኩን በመደርደሪያው ያስቀመጠ ሰው የያዘው ባዶ ፕላስቲክ ሆነ፡፡

በሚቀጥለው ወር ሮስ ስኮት የተባለ የዩቲዩብ አዘጋጅ «ጨዋታዎችን መግደል አቁሙ» የሚል ንቅናቄ ጀመረ፡፡ የጠየቀው ኩባንያዎች ሰርቨራቸውን ለዘላለም ያንቀሳቅሱ ብሎ አይደለም፤ ሲዘጉ ግን ገዢው በራሱ ሊጫወተው በሚችልበት መልክ ይተዉለት ነው ያለው፡፡ ኩባንያዎቹ ወጪውንና ችግሩን እያነሡ ተከራከሩ፡፡ በሐምሌ 2025 በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ለቀረበው አቤቱታ የተሰበሰበው ፊርማ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ፡፡ በካሊፎርኒያም ከጥር 2025 ጀምሮ የጸና ሕግ፣ የዲጂታል ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህንኑ ሳይገልጹ «ግዛ» ማለት እንዳይችሉ ከልክሏል፡፡ ቢያንስ ቃሉ እውነት እንዲናገር ተገደደ፡፡

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላሉ አባቶቻችን፡፡ በዘመናችን ንብረታችን ሁሉ ወደ ሰማይ እየወጣ ነው፡፡ ጨዋታው ብቻ አይደለም፤ ዘፈኑም፣ ፊልሙም፣ መጽሐፉም፡፡ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሆይ፣ ነገሩ እናንተን ይመለከታል ያልኩት ለዚህ ነው፡፡ የአገራችን የብራና መጻሕፍት ከእሳትና ከወረራ አምልጠው እዚህ የደረሱት ሰው በእጁ ስለያዛቸው፣ ስለ ገለበጣቸው፣ በዋሻ ስለ ሸሸጋቸው ነው፡፡ ጸሐፊው ወይም ባለቤቱ ከሩቅ ሆኖ ገጹን ባዶ ማድረግ ቢችል ኖሮ ዛሬ ምን ይቀረን ነበር? በ2023 የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም፡፡ በወረቀት ላይ ይህ ቢደርስ እንደ ቤተ መጻሕፍት ቃጠሎ እናለቅስለት ነበር፡፡

ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ አገራችንና ስለ አካባቢው የገበጣ ዓይነቶች ሰፊ ጥናት አሳትመው ነበር፡፡ ገበጣ ከቦታ ቦታ ሕጉ ይለያያል፤ አጨዋወቱም ይለያያል፡፡ በሁሉም ዘንድ አንድ የሆነው ግን እረኛ ልጅ ዛፍ ጥላ ሥር መሬቱን በጣቱ ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ መጀመር መቻሉ ነው፡፡ ማንንም አያስፈቅድም፡፡ ሲመሽ ጉድጓዱን ትቶ ይሄዳል፤ ነገ ሌላ ልጅ ያገኘዋል፡፡

የአላሞጎርዶው ጨዋታ መጥፎ ነበር፤ ግን ሠላሳ ዓመት ከቆሻሻ ሥር ቆይቶ ተቆፍሮ ወጣ፡፡ በ2024 የጠፋውን ጨዋታ ነገ ሊፈልግ የሚነሣ ሰው የት ሄዶ ይቆፍር? ከአጎቴ የመጣችው ዲስክ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለች፡፡ አልፎ አልፎ አውጥቼ አያታለሁ፡፡ መሥራት ባትችልም ልጥላት አልቻልኩም፡፡ ለአጎቴም እውነቱን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ ምናልባት ይህን ጽሑፍ ካነበበ ይረዳኝ ይሆናል፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡